በአሥረኛው ስም የሚመጣው መብራት

ለታላቅ ወንድሜ ለሁመድ፣

እንደምን አለህልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? እግርህስ? ያ በመርከቡ ሞተር ክፍል ሳለህ የተቃጠለው እጅህ ብርድ ሲገባ አሁንም ያምሃል? እንቅልፍህ ደህና ነው? ምግብ ይበላልሃል? ዘይነባስ እንዴት ናት? ሚርያም ተገላገለች ወይስ ገና ናት? ማርሴይ ዝናቡ ጀምሯል ይላሉ፤ እውነት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዘንድሮ የኸምሲን ነፋሱ አልወጣ ብሎ ነበር፤ የበሩን ስንጥቅ በእርጥብ ጨርቅ እየወተፍን ነው የከረምነው። አሁን ነፋሱ ዞሯል፤ ባሕሩም ለስልሷል፤ ሰውም ፍየሉም ትንፋሹ ተመልሶለታል። ባለቤቴ ሎይታ ጉልበቱን ያመዋል። ግራ ጆሮው ጨርሶ አይሰማም፤ ቀኙ ግን የማይፈለገውን ሁሉ ይሰማል። ምራቴ አስያ ደህና ናት።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በሻዕባን ወር ነው። የላክልኝ መነጽር ልክ ሆኖኛል፤ ይህንንም የምጽፈው በእሱ ነው። መልሱን ሦስት ወር ያህል ስላቆየሁብህ አትቀየመኝ። ስልክ ደውዪ ትለኛለህ፤ ስልኩ ግን ያለው ሱቅ ውስጥ ነው፤ ሱቁም ሰው አያጣም። እዚያ ቆሜ የማልናገረው ነገር ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጻፍኩ ነው፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

እናታችን ከእንግዳ ዳጉ፣ የመንገዱን ወሬ፣ ስትቀበል «ያየኸውን ለብቻው፣ የሰማኸውን ለብቻው አድርገህ ንገረኝ» ትል እንደነበር ታስታውሳለህ። እኔም እንደዚያው አድርጌ እነግርሃለሁ።

አንተ የጻፍክልኝ አንድ ነገር ነው። «ሞሚና፣ ልጅሽ ዲኒ ሞቷል በይና ጸሎቱ ይደረግለት። ሚስቱም ወጣት ናት፤ በአንቺ ዝምታ ታስራ አትቅር» አልከኝ። ያልከው እውነት ነው። ዲኒ ማክሰኞ ጠዋት ጀልባውን ገፍቶ ለዓሣ ከወጣ ሦስት ዓመት አለፈው። ባሕሩ የዚያን ቀን እንደ ዘይት ረግቶ ነበር። የባሕሩ መብራት ማማም ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ አደረ፤ ጠባቂው ሎይታ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ከአጠገቡ አልራቀም። ዲኒንም ጀልባውንም ያየ የለም። ዳጉ የጠየቀኝን ሁሉ «ወጥቷል፤ አልተመለሰም» እለው ነበር። ያላየሁትን አየሁ ብዬ በዳጉ ልዋሽ አልችልም። ቃዲው አስያን ነጻ ለማድረግ የቤተሰቡ ቃል ያስፈልጋል አሉ። ሎይታ ደግሞ «እናቱ ካለች እኔም እላለሁ፤ እናቱ ካላለች አልልም» አለ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ እኔ ምላስ ላይ ቆሞ ቀረ።

መልሴን ከመንገሬ በፊት የማማውን ወሬ ልንገርህ፤ መልሱ የመጣው በእሱ በኩል ነውና።

ማማው አንተ ስትሄድ እንደነበረው አይደለም። የሎይታ አያት ዳውድ ፈረንሳዮቹ ሲሠሩት ኖራ ተሸካሚ ነበር። ሥራው አልቆ ሌላው ሰው ሲበተን እሱ «ይህን የሚያህል ነገር ማን ሊጠብቀው ነው?» ብሎ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቀረ። ከዚያ ልጁ ካሚል ተተካ። በጦርነቱ ዘመን መብራቱ እንዳይበራ ሲከለከል ካሚል መስተዋቱን በየጠዋቱ ማጽዳቱን አልተወም። ለምን ሲሉት «አቧራው ክልከላ አልሰማም» ይል ነበር አሉ። እኔም ለሎይታ ተድሬ ስመጣ መጀመሪያ የተማርኩት ሥራ ያንን መስተዋት በሆምጣጤ መወልወል ነው። ጋዙ ቀርቶ ጄኔሬተር ሲመጣም መስተዋቱን የሚያዞረው ያው ሰንሰለት ላይ የተንጠለጠለው ብረት ነበር። በየአራት ሰዓቱ በእጅ ተጠምጥሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ እየወረደ ያዞረዋል። ዲኒ አሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ ብቻውን ይጠመጥመው ነበር።

አቆጣጠሩን ማርሴይ ተቀምጠህ ረስተኸው ይሆን? መብራቱ አንዴ ቦግ ይልና ይጨልማል። በጨለማው ውስጥ ዓሣ አጥማጁ አባቶቹን ይጠራል፤ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ እያለ ይወጣል። አሥረኛው ላይ ሲደርስ መብራቱ ከመጣ የኛ ነው፤ ወደ ቤት ይገባል። አምስተኛው ላይ ከመጣ የደሴቱ መብራት ነው፤ ወደ ግራ ይዞራል። አንተ ልጅ ሳለህ ስምንተኛውን አያት እየዘለልክ ስትቆጥር አባታችን «ሰውየው ምን በደለህ?» ብሎ የሳቀብህ አሁንም ትዝ ይለኛል። ቆጣሪው ራሱን አይጠራም። ጀልባ ላይ ያለ ሰው ስሙ በቆጠራው ውስጥ አይገባም፤ እኛ ከቤት ሆነን ስንቆጥርለትም የምንጀምረው ከአባቱ ነው።

እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ለዲኒ እቆጥርለት ነበር። እሱ ባለበት ሆኖ እንደሚቆጥረው አድርጌ፣ ከሎይታ እየጀመርኩ። ለማንም አልነገርኩም፤ ሰፈሩ ግን ያውቅ ነበር።

ከዒዱ በኋላ ከጅቡቲ አንዲት መርከብ ሰዎችና ሣጥኖች ይዛ መጣች። አለቃቸው ሮብሌ የሚባል የኢሳ ልጅ ነው፤ ኢንጂነር ነው፤ አፋርኛውን እየሰበረም ቢሆን ይናገራል። ትልቁን መስተዋት ቁራጭ በቁራጭ ፈትተው በሱፍ ጨርቅ ጠቅልለው አወረዱት። ለእንግዳ ማሳያ በወደቡ ክፍል ይቀመጣል አሉ። በእሱ ፈንታ ጣሪያው ላይ ከፀሐይ ኃይል የሚወስዱ ጠፍጣፋ ጥቁር ሰሌዳዎች ተከሉ፤ በመካከላቸውም አንዲት ትንሽ መብራት አስቀመጡ። ሎይታ ዙሪያዋን ዞሮ አያትና «ይቺ ናት? ይቺማ የሻይ ማንቆርቆሪያ ናት» አለ።

ሮብሌም «አባቴ፣ ይቺ ማንቆርቆሪያ ከዚያ ትልቁ አብልጣ ሩቅ ታበራለች። ጋዝ አትጠይቅ፣ እንቅልፍ አትጠይቅ» አለው።

«ጠባቂም አትጠይቅ በለኛ፤ ምን ታፍራለህ!» አለው ሎይታ። ልጁ አቀረቀረ። ደግ ልጅ ነው። ቤቱን ግን አልነኩብንም፤ እስከ ዕድሜያችሁ መጨረሻ ኑሩበት ብለውናል።

የመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ መብራቷ በራሷ በራች። ሎይታ እንደ ልማዱ ኮፍያውን አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል፤ የሚሄድበት ግን የለውም። እኔም እንደ ልማዴ መቁጠር ጀመርኩ። ሎይታ፣ ካሚል፣ ዳውድ፣ ኦርቢሶ፣ ሐንፈሬ፣ ቦግ! አምስተኛው ላይ መጣ። ልቤ ሌላ ቦታ ሄዶ አባቶቹን የዘለልኩ መሰለኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሁንም አምስት። ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ኀዘኑ አእምሮዬን የነካው መሰለኝና ፈራሁ፤ ለማንም ሳልናገር ገብቼ ተኛሁ። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን አሕመዶ ከነሰዎቹ ከዓሣ ይመለስ ነበር፤ ያ የጀልባ ጓደኛህ የነበረው የኪሎማው አሕመዶ። ሲወጣ አሮጌው መብራት ነበር፤ ሲመለስ አዲሱ። ቆጠረ፤ አምስት ላይ መጣ። ማዕበሉ ወደ ደሴቱ የገፋው መስሎት ወደ ግራ ዞረ። ወደ ግራ ደግሞ ያለው የኛው የኮራል አለት ነው። ጀልባዋ ሆዷ ተቀደደ። አራቱም እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ አለቱ ላይ ቆመው አደሩ፤ ጠዋት ሌላ ጀልባ ለቀማቸው። የሞተ የለም፤ አላህ ይመስገን።

አሕመዶ በቀጥታ የመጣው ወደ እኛ ቤት ነው። ጺሙ ላይ ጨው ደርቋል፤ አንድ እግሩ ባዶ ነው። ከደጅ ሆኖ «ሎይታ! ውጣ! መብራትህ አምስት አባቶቹን ረስቷል!» ብሎ ጮኸ። «ዘሩን የማያውቅ ነገር አናታችን ላይ ሰቅለህብን ተኝተሃል!»

ሎይታም «እኔ አይደለሁም የሰቀልኩት። እኔም እንዳንተው ከታች ሆኜ የምመለከት ሰው ሆኛለሁ» አለው።

«አማቼ አለቱ ላይ ቆሞ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ‹ምናልባት የመብራቱ ጆሮ እንደ ሎይታ ሆኖ ይሆናል፣ ስድስተኛውን ጮክ ብለን እንጥራው› ይላል! ሌሊቱን ሙሉ የሰው አያት እየጠራን ስንጮህ አደርን!»

ሎይታ ራሱ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ልስቅ አልቻልኩም። አራት ሰው ሊሞት ነበር፤ እኔ ከመጀመሪያው ቀን አውቄ ነበር። ወጥቼ «አሕመዶ፣ አምስት ላይ እንደሚመጣ ቆጥሬ ነበር፤ ዝም አልኩ» አልኩት።

«ለምን?» አለኝ።

«የተሳሳትኩት እኔ መስሎኝ ነዋ።»

አየኝና «ሞሚና፣ አንቺ ቆጠራ ከተሳሳትሽማ እኛ ሁላችን ዲቃላዎች ነን» አለ። ተቆጥቶ ሳይሆን አዝኖልኝ እንዳለው ገባኝ። አስያ ዓሣና የሙክባዛ ቂጣ አቀረበችለት፤ ቁጭ ብሎ በላ።

ከዚያ ተሰብስበን ወደ ወደቡ ቢሮ ሄድን። እዚያ ያለው ሰው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳየን፤ አቆጣጠሩ እንደተለወጠ በፈረንሳይኛ ተጽፏል። አሕመዶ «ወረቀቱ እዚህ ግድግዳ ላይ፣ እኔ እዚያ ውሃ ላይ! ማን ሊያነብልኝ ኖሯል፣ ዓሣው?» አለ። ሮብሌ ግን አልተከራከረም። ለትላልቆቹ መርከቦች እንደተነገረ፣ ስለ ስሞቹ ቆጠራ ግን ማንም እንዳልነገረው፣ እሱም መጠየቅ እንደነበረበት ተናገረ። መብራቷን ወደፈለግነው ልክ መመለስ እንደሚቻልም ነገረን። ወደ ጅቡቲ ጽፎ በሳምንቱ ፈቃድ መጣለት።

ችግሩ ልኩ ነበር። ማሽኗ በስም አትቆጥርም፤ በሰከንድ ነው የምትቆጥረው። አሮጌው መዝገብ አሥር ሰከንድ ይላል፤ አሮጌው ማዞሪያ ግን በእርጅና ዘግይቶ ስለነበር የኛ አሥር ስም ከዚያ ይረዝማል። ማዞሪያውም ተፈትቶ ሣጥን ገብቷል። ስለዚህ ሮብሌ ከዐስር ሶላት በኋላ ሰዓቱን ይዞ ማማው ሥር ቆመና «እስቲ ጥሩልኝ፣ እለካዋለሁ» አለ።

መጀመሪያ አሕመዶ ጠራ። ሰባት ሰከንድ። ሎይታ «አባቶችህ ፍየል ሰርቀው ነው የሚሮጡት?» አለው። ቀጥሎ ሎይታ ራሱ ጠራ፤ በእያንዳንዱ ስም ላይ «አላህ ይማረው» እያለ ሃያ ሁለት ሰከንድ ወሰደበት። ሮብሌ «አባቴ፣ በዚህ አያያዝ መርከቡ ሳያየን የመን ይደርሳል» ሲል ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሆዳቸውን ያዙ። ሌሎችም ሞከሩ፤ አንዱ ከአንዱ አልገጥም አለ። በመጨረሻ አሕመዶ «ሞሚና ትጥራ። ሦስት ዓመት ማታ ማታ ከመብራቱ ጋር የቆጠረች እሷ ናት። ልኩ ያለው እሷ አፍ ላይ ነው» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ሮብሌ «እናቴ፣ ሲዘጋጁ ይጀምሩ» አለኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ከሎይታ ልጀምር ነበር። አፌ ግን «ዲኒ» አለ። ከወጣ በኋላ መመለስ አልቻልኩም፤ ሎይታ፣ ካሚል፣ ዳውድ፣ ኦርቢሶ፣ ሐንፈሬ፣ ጋአስ፣ አይዳሂስ፣ ቦልኮ፣ ወግሪስ ብዬ አሥሩን ሞላሁ። ዓይኔን ስገልጥ ሎይታ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል። አሕመዶ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠና ለዱዓ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። ሮብሌ ግን ሰዓቱን እያየ «አሥራ ሁለት ሰከንድ» አለ። ከዚያ የሎይታን ኮፍያና የአሕመዶን እጆች አይቶ ደነገጠና «አጠፋሁ እንዴ? እንደገና እንሞክረው?» ብሎ ጠየቀ።

ሎይታ «አላጠፋህም፣ ልጄ። እንደገና አያስፈልግም፤ በዚያው አድርገው» አለው።

ወንድሜ፣ ምላሴን ይዞት የኖረው ምን እንደሆነ እኔም ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። መሞቱን ልቤ አላጣውም ነበር። ዲኒ ልጅ የለውም። ከእንግዲህ ጀልባ ላይ ሆኖ ከዲኒ ብሎ የሚጀምር ሰው አይኖርም። ሎይታ ርቆ በሚኖረው በሌላው ልጃችን በኩል ይጠራል፤ ካሚልም ይጠራል፤ እሱ ግን በማንም አፍ አይገባም። እኔ ሞቷል ያልኩ ዕለት ስሙ የሚያልቅ መሰለኝ። ወጥቷል ስል ግን ቢያንስ ባሕር ላይ ሆኖ የሚቆጥር ሰው አለኝ። ለዚህ ብዬ ነው አስያን ያህል ልጅ አስሬ የኖርኩት። ልጄን ብቻ የያዝኩ መስሎኝ ነበር፤ እሷንም ይዤ ኖሯል።

ቤት ስገባ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። አስያ ዓሣ እያሰጣች ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ «ስሙን ጠራሁት» አልኳት።

«ሰምቻለሁ፣ እናቴ» አለችኝ። እጇን ታጠበችና «እኔ በመጀመሪያው ዓመት ጠርቼዋለሁ። ውሃ ልቀዳ ስሄድ፣ ብቻዬን» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በአንቺ ቤት፣ አንቺ ሳትዪው እኔ እንዴት ብዬ ልበለው?» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን ስትጠብቅ ነበር። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ከዚያ አስያ ድመቷ ዓሣውን ስትጎትት አይታ እየሮጠች ሄደች። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሳቅን፤ አላህ ይቅር ይበለን።

የኀዘኗን አራት ወር ከዐሥር ቀን እዚሁ ከእኔ ጋር እቀመጣለሁ አለች። ከዚያ ታጁራ ወደ እናቷ ትሄዳለች። ጤና ጣቢያው የአዋላጅነት ትምህርት ይሰጣል፤ እሱን መማር ትፈልጋለች። ማግባት ከፈለገችም ታግባ፤ እኔ ድግሷ ላይ እገኛለሁ ብያታለሁ። መናገሩ ቀላል አልነበረም፤ ግን ተናግሬዋለሁ።

መብራቱ አሁን አሥር ስም ላይ ይመጣል። አሕመዶ በተጠገነችው ጀልባው ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተመልሷል። ለሌላው ሁሉ ያው የድሮው መብራት ነው፤ እነሱ የየራሳቸውን አባቶች ይጠሩበታል። ማሽኗ ግን የያዘችው ልክ ከዲኒ እስከ ወግሪስ ያለውን ነው። ሮብሌ ከመሄዱ በፊት ታሪኩን ሎይታ ነግሮት ኖሮ ሊሰናበተኝ መጣ፤ «እናቴ፣ እኔ እስካለሁ ይህን ቁጥር ማንም አይነካውም» አለኝ። ልጅ ነውና ይላል። ቢሆንም ደስ አለኝ።

እንግዲህ ዳጉዬ ይህ ነው። ያየሁት የለም። የሰማሁት የለም። ልጄ ዲኒ ሞቷል። ይህን ለቃዲውም በአፌ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሎይታም ከእኔ ቀጥሎ ተናግሯል። የእናቱ ወንድም አንተ ነህና ያንተም ቃል በጽሑፍ ቢመጣ ለአስያ ነገሩ ይፈጥንላታል ብለዋል። ፈርመህ ላክልኝ። ሥጋው ለሌለ ሰው የሚሰገደው ሶላት በሚመጣው ዓርብ ይሰገድለታል። ሲወለድ በጆሮው አዛን ያልክለት አንተ ነህ፤ ደብዳቤው ዘግይቶ ቢደርስህም ባለህበት መስጊድ ስገድለት።

ለዘይነባ ብዙ ሰላምታ አቅርብልኝ፤ የላከችው ሽቶ ሽታው አልለቀቀም በላት። ሚርያምን አላህ በሰላም ያገላግላት፤ ሕፃኑ ወንድም ይሁን ሴት አባቶቹን አስተምሩት፤ ማርሴይ ነን ብላችሁ እንዳትተዉት። ለዩሱፍ ሰላም በልልኝ፤ ማጨሱን ተወው? ያ ስትታመም አብሮህ ሆስፒታል የሄደ የሞሮኮው ጎረቤትህም እንደምን አለ? ሎይታ ሰላም ይልሃል፤ ጉልበቱን የሚታሽበት ቅባት ካለ ላክልኝ ይላል። አስያ እጅህን ትስማለች።

እስከ ዛሬ በጻፍኩልህ ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻ ላይ «ዲኒም ሰላም ይልሃል» እያልኩ እጽፍ ነበር። አንተም አንድ ቀን አልገሠጽከኝም፤ ለዚህ አላህ ይስጥህ። በዚህኛው ሰላም የምንልህ ሦስት ነን።

እህትህ ሞሚና

ኦቦክ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 2009